መሬት በሰፋ ቁጥር የከረረው ክርክር፦ ባርነት አሜሪካን ወደ እርስ በርስ ጦርነት ያደረሰበት መንገድ

(በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሜይ 1861፣ ጦርነቱ ከተጀመረ ገና አንድ ወር አልፎት ሳለ፣ ፍራንክ ቤከር፣ ሼፐርድ ማሎሪና ጄምስ ታውንሴንድ የተባሉ በባርነት የተያዙ ሦስት ሰዎች በቨርጂኒያ ጠረፍ ሌሊቱን በጀልባ ተሻግረው ፎርት ሞንሮ ወደተባለው የፌዴራል መንግሥት ምሽግ ገቡ። ጌታቸው የደቡቡ ጦር ኮሎኔል ነበር፤ ለጦሩ ምሽግ ሲያስቆፍራቸው ከቆየ በኋላ ከቤተሰባቸው ነጥሎ ወደ ሰሜን ካሮላይና ሊልካቸው ማሰቡን ሰምተው ነው ያመለጡት። ወዲያውም አንድ የደቡብ መኮንን ነጭ ባንዲራ አስይዞ መጣና ሰዎቹ ለባለቤታቸው እንዲመለሱ ጠየቀ፤ ለጥያቄው መሠረት ያደረገውም የኮበለሉ ባሪያዎች ወደ ጌቶቻቸው እንዲመለሱ የሚያዘውን የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ነበር። የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል ቤንጃሚን በትለር ከመዝመቱ በፊት ጠበቃ ነበርና መልሱም የጠበቃ መልስ ሆነ፦ ቨርጂኒያ ከኅብረቱ ወጥቻለሁ፣ ሌላ አገር ሆኛለሁ ካለች የአሜሪካ ሕግ በሌላ አገር ላይ አይሠራም። ስለዚህ ሰዎቹን ከጠላት እጅ እንደተያዘ የጦር ንብረት ቆጥሮ አስቀራቸው።

ምሽጉ የተሠራበት ፖይንት ኮምፈርት የተባለው ስፍራ በ1619 ወደ እንግሊዞች የቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት የመጡት የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን ምርኮኞች የወረዱበት ነው። ከዚያ ዓመት እስከ በትለር መልስ ድረስ 242 ዓመታት አልፈዋል። የዚህ ማብራሪያ ጉዳይ ግን ከእነዚህ ዓመታት መካከል የመጨረሻዎቹ 70 እና 80 ዓመታት ናቸው።

ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በአጭሩ ሲነገር ሰሜኑ ባርነትን ለማጥፋት፣ ደቡቡ ደግሞ ለማቆየት እንደተዋጋ ይነገራል። ስለ ደቡቡ የተባለው ትክክል ነው። ስለ ሰሜኑ የተባለው ግን በ1861 እውነት አልነበረም፤ እውነት የሆነው ቆይቶ፣ በጦርነቱ መካከል ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ባርነት በነበረባቸው 15 ክፍለ ግዛቶች ውስጥ እንዲሻር የሚጠይቀው ሰሜናዊ ጥቂት ነበር፤ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ራሳቸውም ባርነት ባለበት ቦታ እንደማይነኩት ደጋግመው አስታውቀው ነበር። ታዲያ ማንም ሊነካው ያልተነሣ ነገር እንዴት አገር ከፈለ? መልሱ ያለው ባርነት በነበረበት መሬት ላይ ሳይሆን ገና ባልደረሰበት መሬት ላይ ነው፤ አሜሪካ ወደ ምዕራብ በሰፋች ቁጥር አዲሱ መሬት የማን ይሁን የሚለው ጥያቄ እንደገና ይነሣ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከሕገ መንግሥቱ ነው። በ1787 በፊላደልፊያ የተሰበሰቡት ተወካዮች ባርነትን በስሙ ሳይጠሩ በሰነዱ ውስጥ ቦታ ሰጡት። «ባሪያ» የሚለው ቃል በጽሑፉ የትም አይገኝም፤ «ሌሎች ሰዎች» ወይም «ለአገልግሎት ወይም ለሥራ የተያዘ ሰው» እየተባለ ታልፏል፤ ጸሐፊዎቹ ያፈሩበት ነገር እንደነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ቃሉን ቢሸሹም ፍሬ ነገሩን አልሸሹትም። ከውጭ ባሪያ ማስገባት እስከ 1808 ድረስ በሕግ እንዳይከለከል ተስማሙ፤ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት የኮበለለ ሰው ለጌታው እንዲመለስ ደነገጉ፤ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ተወካዮች ምክር ቤት የሚልካቸው እንደራሴዎች ቁጥር ሲሰላም አምስት ባሪያ እንደ ሦስት ሰው እንዲቆጠር ወሰኑ። በዚህ ስሌት መሠረት ድምፅ የመስጠት መብት የሌለው ሰው፣ በባርነት በመያዙ ብቻ፣ ለያዘው ጌታ የፖለቲካ ክብደት ይጨምርለት ነበር።

በዚያን ጊዜ ባርነት ቀስ እያለ በራሱ ይከስማል ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ነበሩ። የሰሜን ክፍለ ግዛቶች አንድ በአንድ እየተዉት ነበር፤ በቨርጂኒያም ትምባሆ አፈሩን አድክሞታል። ይህን ግምት የሻረው በ1793 ኢላይ ዊትኒ የሠራው የጥጥ መዳመጫ ነው። ጭረቱ አጭር የሆነው የጥጥ ዓይነት በደቡቡ መሬት በቀላሉ ይበቅል ነበር፤ ፍሬውን ከጭረቱ በእጅ መለየት ግን ቀን ሙሉ ተሠርቶ ጥቂት ብቻ ስለሚገኝበት አያዋጣም ነበር። መዳመጫው ይህን ችግር ሲፈታው የእንግሊዝ የጨርቅ ፋብሪካዎች ደግሞ የተገኘውን ሁሉ ለመግዛት ተዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር። መሣሪያው የፈለፈለውን ያህል የሚያርምና የሚለቅም እጅ ተፈለገ። በ1790 ወደ 700,000 የነበረው የባሪያዎች ቁጥር በ1860 ወደ አራት ሚሊዮን ደረሰ፤ በዚያን ዘመን አሜሪካ ወደ ውጭ ከምትልከው ሸቀጥ በዋጋ ከግማሽ በላይ የሆነው ጥጥ ነበር።

ከ1808 በኋላ ከአፍሪካ ማስገባት ስለተከለከለ አዲሶቹ የጥጥ እርሻዎች ሰው የሚያገኙት ከአገር ውስጥ ገበያ ነበር። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ትርፍ የሚሏቸውን ሰዎች ወደ አላባማ፣ ሚሲሲፒና ሉዊዚያና ይሸጡ ጀመር፤ ከ1865 በፊት በነበሩት አሥርት ዓመታት በዚህ መንገድ በሽያጭና ከጌቶቻቸው ጋር በመሰደድ ወደ ደቡብ የተወሰዱት ሰዎች አንድ ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የዚህ ንግድ ዋና በር ነበረች። በዱክ ጎዳና ከ1828 ጀምሮ ይሠራ የነበረው የፍራንክሊንና አርምፊልድ ኩባንያ ሰዎችን በግቢው አጉሮ በመርከብና በእግር ወደ ኒው ኦርሊንስና ናቸዝ ይልክ ነበር፤ ሕንፃው ዛሬም ሙዚየም ሆኖ ቆሟል።

በ1860 የባሪያዎቹ ጠቅላላ የገበያ ዋጋ ከሦስት ቢሊዮን ዶላር በላይ ይገመት ነበር፤ ይህም የአገሪቱ የባቡር ሐዲዶችና ፋብሪካዎች ዋጋ ተደምሮ ከሚሆነው ይበልጣል። ባርነት ባለባቸው ክፍለ ግዛቶች ባሪያ የነበረው ከአራት ነጭ ቤተሰቦች አንዱ ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ የቀሩትም ነገ ባለባሪያ የመሆን ተስፋ፣ ነፃ ከወጣ ጥቁር ጋር እኩል የመቆጠር ፍርሃትና የአመፅ ስጋት አንድ ላይ ያስራቸው ነበር። በተለይ ናት ተርነር በ1831 በቨርጂኒያ ያስነሣው አመፅ ከ50 በላይ ነጮችን ከገደለ በኋላ ባርነትን ስለ መተው መነጋገር እንኳ በደቡብ እንደ ክህደት ይታይ ጀመር።

እዚህ ላይ ስለ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ስለ ሴኔት ካልተናገርን የቀረው ታሪክ አይገባንም። በተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ የሚከፋፈለው በሕዝብ ብዛት ነው፤ ሰሜኑ ከአውሮፓ በሚጎርፈው ስደተኛ ምክንያት ደቡቡን ጥሎት እየሄደ ስለነበር፣ በሦስት አምስተኛው ስሌት እየታገዘም ቢሆን ደቡቡ በዚያ ምክር ቤት ብልጫውን አጥቷል። በሴኔት ግን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ትልቅም ይሁን ትንሽ ሁለት መቀመጫ አለው። የባለባሪያ ክፍለ ግዛቶች ቁጥር ከሌሎቹ ጋር እኩል እስከሆነ ድረስ ደቡቡ የማይፈልገው ሕግ አያልፍም። ስለዚህ አንድ አዲስ ክፍለ ግዛት ወደ ኅብረቱ ልግባ ባለ ቁጥር ሚዛኑ ወደየት ያጋድላል የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ሚዙሪ በ1819 ይህን ጥያቄ ስታቀርብ 11 ክፍለ ግዛቶች በአንድ ወገን፣ 11 በሌላው ነበሩ። በ1820 ሚዙሪ ከባርነት ጋር፣ ሜይን ያለ ባርነት እንዲገቡ፣ በቀረውም አሜሪካ ከፈረንሳይ በገዛችው የሉዊዚያና ግዢ መሬት ከ36 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ የኬክሮስ መስመር በስተ ሰሜን ባርነት እንዳይኖር ስምምነት ተደረገ። አሜሪካ ከእንግሊዝ ነፃ መውጣቷን ያወጀውን ሰነድ የጻፉትና ራሳቸው ባለባሪያ የነበሩት አዛውንቱ ቶማስ ጄፈርሰን ክርክሩን በሌሊት ከሚደወል የእሳት አደጋ ደወል ጋር አመሳስለውት ነበር። መስመሩ ግን ከ25 ዓመት በላይ ሰላም አቆየ።

ያን ሰላም ያደፈረሰው ሌላ መሬት ነው። አሜሪካ ከ1846 እስከ 1848 ሜክሲኮን ወግታ ከካሊፎርኒያ እስከ ኒው ሜክሲኮ የተንጣለለውን ምድር ወሰደች። ዴቪድ ዊልሞት የተባለ የፔንሲልቬኒያ እንደራሴ ከሜክሲኮ በሚወሰድ መሬት ላይ ባርነት ፈጽሞ እንዳይገባ ያቀረበው ሐሳብ በተወካዮች ምክር ቤት ቢያልፍም በሴኔት ወደቀ። ልብ ሊባል የሚገባው ድምፁ የተከፈለው በፓርቲ ሳይሆን በአካባቢ መሆኑ ነው፤ የአንድ ፓርቲ አባላት በሰሜንና በደቡብ ተለያይተው ቆሙ። በ1850 በብዙ ድካም ሌላ ስምምነት ተገኘ፤ ካሊፎርኒያ ያለ ባርነት ገባች፣ በዋና ከተማይቱ በዋሽንግተን ባሪያ መነገድ ተከለከለ፣ ደቡቡም በምትኩ ጠንካራ የኮብላዮች ሕግ ተሰጠው።

በእኔ አስተያየት ሰሜኑን ከደቡቡ ካራራቁት ነገሮች ሁሉ የበረታው ይህ ሕግ ነው። ኮብላይ ነህ ተብሎ የተያዘ ሰው ስለ ራሱ መመስከር አይችልም፤ በዳኞች ሸንጎ የመዳኘት መብትም የለውም። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚሽነር ሰውዬውን ለባለቤቱ ሲያስረክብ 10 ዶላር፣ በነፃ ሲለቀው 5 ዶላር ይከፈለዋል። ማንኛውም ዜጋ በአደኑ እንዲተባበር ሊታዘዝ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ለብዙ ሰሜናዊ ባርነት የሩቅ ሰዎች የሩቅ ኃጢአት ነበር፤ አሁን ከደጁ መጣ። በ1854 አንቶኒ በርንስ የተባለ ወጣት በቦስተን ተይዞ ወደ ቨርጂኒያ ሲመለስ፣ ሕዝቡ እንዳያስጥለው ወታደር ግራና ቀኝ ተሰልፎ ነበር ወደ መርከቡ የተወሰደው። ብዙ የሰሜን ክፍለ ግዛቶች የፌዴራሉን ሕግ የሚያደናቅፉ የራሳቸውን ሕጎች አወጡ። «የክፍለ ግዛት መብት» የሚለውን መፈክር የደቡብ ብቻ አድርጎ ማየት የተለመደ ቢሆንም፣ በዚህ ጉዳይ ላይ የክፍለ ግዛት መብት ይከበር ያለው ሰሜኑ ነበር፤ የፌዴራሉ ክንድ ይጠንክር ያለው ደግሞ ደቡቡ።

በዚያው በ1854 የኢሊኖዩ ሴናተር ስቲቨን ዳግላስ የካንሳስና ነብራስካን ሕግ አሳለፉ። ሕጉ የ1820ን መስመር ሽሮ የባርነትን ጉዳይ ለሰፋሪው ድምፅ ተወው። በወረቀት ሲታይ ዴሞክራሲያዊ ይመስላል። በተግባር ግን ድምፁን ለማሸነፍ ከሁለቱም ወገን መሣሪያ የታጠቀ ሰፋሪ ወደ ካንሳስ ተመመ፤ ከሚዙሪ እየተሻገረ ድምፅ ሰጥቶ የሚመለስም ነበር። በሜይ 1856 ጆን ብራውን የተባለው የባርነት ጠላት ከተከታዮቹ ጋር ሆኖ አምስት ሰዎችን ከቤታቸው አውጥቶ ገደለ። በዚያው ሳምንት በዋሽንግተን የደቡብ ካሮላይናው እንደራሴ ፕሬስተን ብሩክስ በሴኔቱ አዳራሽ ገብቶ ባርነትን የሚያወግዝ ንግግር ያደረጉትን ሴናተር ቻርልስ ሰምነርን ራሳቸውን እስኪስቱ በከዘራ ደበደባቸው። ከደቡብ የመጣለት ምላሽ አዲስ ከዘራ ነበር፤ ብዙ ሰዎች በስጦታ ላኩለት። በሰሜንም የካንሳስና ነብራስካ ሕግ ከቀሰቀሰው ቁጣ የተወለደው የሪፐብሊካን ፓርቲ ባርነት ወደ አዲስ መሬት አንድ እርምጃ እንዳይገባ የሚል አቋም ይዞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገነነ።

ከዚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ልቋጭ ብሎ ተነሣ። ድሬድ ስኮት የተባለ በባርነት የተያዘ ሰው ጌታው ባርነት ወደተከለከለባቸው ወደ ኢሊኖይና ወደ ዊስኮንሲን ግዛት ወስዶት ስለነበር ነፃ ሰው ነኝ ብሎ ከከሰሰ ዓመታት አልፈው ነበር። በማርች 1857 ዋና ዳኛ ሮጀር ቶኒ የብዙኃኑን ውሳኔ አነበቡ፤ ሰባት ዳኞች ሲፈርዱበት ሁለት ተቃወሙ። በውሳኔው መሠረት ጥቁር ሰው፣ ነፃም ቢሆን ባሪያ፣ የአሜሪካ ዜጋ አይደለምና በፌዴራል ፍርድ ቤት መክሰስ አይችልም። ዳኛው ሕገ መንግሥቱ በተጻፈበት ዘመን ጥቁሮች ነጭ ሰው ሊያከብርላቸው የሚገደድበት መብት አልነበራቸውም እስከ ማለት ደረሱ። በዚህም ሳይወሰኑ ኮንግረስ፣ ማለትም የሁለቱ ምክር ቤቶች ሕግ አውጪ፣ በአዲስ ግዛቶች ባርነትን መከልከል አይችልም ብለው በየኑ። ይህ ሁለተኛው ብይን የሪፐብሊካን ፓርቲን ዋና ዓላማ ሕገ ወጥ የሚያደርግ ነበር። የሚያስታርቅ መካከለኛ መንገድ የሚፈልግ ፖለቲከኛ ከዚያ ወዲያ የሚቆምበት መሬት ጠበበው።

ጆን ብራውን በኦክቶበር 1859 በቨርጂኒያ ሃርፐርስ ፌሪ ያለውን የፌዴራል የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ባሪያዎችን አስታጥቃለሁ ብሎ ወረረ። አመፁ አልተቀጣጠለም፤ በኋላ የደቡቡ ጦር መሪ በሆነው በሮበርት ሊ የሚመራ የፌዴራል ጦር ያዘው፤ በዲሴምበርም ተሰቀለ። በሰሜን የቤተ ክርስቲያን ደወል የደወሉለት መኖራቸው ግን ደቡቡን ከድርጊቱ የበለጠ አስደነገጠው። በቀጣዩ ዓመት ምርጫ አራት እጩዎች ቀርበው ሊንከን ከጠቅላላው ድምፅ 40 በመቶ ያህሉን ብቻ አግኝተው አሸነፉ፤ በአብዛኛው ደቡብ ለእርሳቸው ድምፅ መስጫ ወረቀት እንኳ አልቀረበም ነበር። ደቡቡ ከዚህ የተረዳው አንድ ነገር ነው፦ ያለ እኛ አንድ ድምፅ ፕሬዚዳንት መምረጥ ተችሏል።

ደቡብ ካሮላይና በዲሴምበር 20 ቀን 1860 ተገነጠለች፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ሌሎች ስድስት ተከተሏት። የተለዩበትን ምክንያት ራሳቸው በጽሑፍ ስላስቀመጡት ለእነርሱ ምክንያት መፈለግ አያስፈልገንም። ሚሲሲፒ አቋሟ ከባርነት ሥርዓት ጋር ፍጹም የተሳሰረ መሆኑን በመግለጫዋ ጻፈች፤ የደቡብ ካሮላይና ዋና ክስ ሰሜኖቹ የኮበለሉትን አልመለሱልንም የሚል ነበር። የአዲሱ የኮንፌዴሬሽን መንግሥት ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስ በማርች 1861 በሳቫና ባደረጉት ንግግር የመንግሥታቸው የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ሰው ከነጭ እኩል አይደለም የሚለው እምነት መሆኑን ተናገሩ። ከሽንፈቱ በኋላ ጦርነቱ ስለ ቀረጥና ስለ ክፍለ ግዛት ክብር ነበር ተብሎ የተጻፈውን ሁሉ ከእነዚህ ሰነዶች ጋር ማስተያየት ይበቃል። በአንጻሩ በዋሽንግተን የነበረው ኮንግረስ በዚያው ማርች ባርነትን ባለበት ቦታ ለዘለዓለም የሚጠብቅ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አሳልፎ ነበር፤ ሊንከንም አልተቃወሙትም። ደቡቡ አልተመለሰም። በኤፕሪል 12 ቀን በቻርልስተን ወደብ ያለውን ፎርት ሰምተርን በመድፍ ደበደበ፤ ሊንከን 75,000 በጎ ፈቃደኛ ሲጠሩ ቨርጂኒያን ጨምሮ አራት ክፍለ ግዛቶች ተጨመሩና ኮንፌዴሬሽኑ 11 ሆነ። ደላዌር፣ ሜሪላንድ፣ ኬንታኪና ሚዙሪ ባሪያ እየያዙ ከኅብረቱ ጋር ቀሩ።

ሊንከን ጦርነቱን የአገር አንድነት ጦርነት ብቻ አድርገው ለማቆየት የሞከሩት በአብዛኛው እነዚህን አራቱን ላለማጣት ነው። ያላስቻላቸውም የእነ ፍራንክ ቤከር ዓይነት ሰዎች ነበሩ። በትለር ሦስቱን እንዳስቀራቸው ወሬው ሲሰማ በቀናት ውስጥ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ በመቶዎች ወደ ምሽጉ ፈለሱ፤ የሰሜን ጦር በሄደበት ሁሉ እንዲሁ ሆነ። ኮንግረስ በኦገስት 1861 ለጠላት ጦር ሲሠራ የነበረ ባሪያ እንዳይመለስ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። በኤፕሪል 1862 በዋሽንግተን ከተማ ባርነት ተሻረ፤ ካሳው በአንድ ሰው እስከ 300 ዶላር ሲሆን የተከፈለው ለባለባሪያዎቹ ነበር። በሴፕቴምበር 17 ቀን በሜሪላንድ አንቲየተም በአንድ ቀን ውጊያ ከሁለቱም ወገን የሞተው፣ የቆሰለውና የጠፋው 23,000 ያህል ሆነ፤ የደቡቡ ጦር በማፈግፈጉ ሊንከን የሚጠብቁትን አጋጣሚ አገኙ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ጀምሮ በአመፀኛ ግዛቶች ያሉ ባሪያዎች ሁሉ ነፃ መሆናቸው ታወጀ። አዋጁ ታማኞቹን አራት ክፍለ ግዛቶች አይነካም፤ በጦር አዛዥነት ሥልጣን የወጣ ነውና የሚሠራው ጠላት በያዘው ምድር ብቻ ነበር። ቢሆንም ጥቁሮች በወታደርነት እንዲቀጠሩ በር ከፈተ። እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ 180,000 ያህል በምድር ጦር፣ በባሕር ኃይልም ብዙ ሺህ ጥቁሮች ተሰለፉ፤ ከእነርሱም ወደ 40,000 የሚጠጉት ሞቱ።

አዋጁ በውጭም ሠርቷል። ደቡቡ ጥጥ ከተቋረጠባት እንግሊዝ በግድ ትደግፈኛለች ብሎ ያስብ ነበር፤ እንግሊዝ ግን ባርነትን የሚዋጋ ወገን ላይ ለመነሣት ተቸገረች፤ ጥጡንም ከህንድና ከግብፅ ፈለገች። የዚህ ጦርነት ጅራት እስከ እኛ አገር መድረሱን ብዙ ሰው አያውቅም። በጥጥ ዋጋ የበለጸገው የግብፁ ገዢ እስማኤል ጦሩን ለማዘመን ከሁለቱም ወገን የተዋጉ አሜሪካውያን መኮንኖችን ቀጠረ፤ በ1876 የግብፅ ጦር በጉራዕ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ሲመታ ከአዛዦቹ መካከል የደቡቡ ጄኔራል የነበረው ዊልያም ሎሪንግ ይገኝ ነበር።

በጁላይ 1863 ከጌቲስበርግ ድልና ከቪክስበርግ መያዝ በኋላ የደቡቡ ጦር ማንሠራራት አልቻለም፤ ሮበርት ሊ በኤፕሪል 9 ቀን 1865 በአፖማቶክስ እጁን ሰጠ። የሞተው ወታደር ለረጅም ጊዜ 620,000 ሲባል ኖሮ አዳዲስ ግምቶች ወደ 750,000 ያደርሱታል። ሊንከን ከመገደላቸው ከስድስት ሳምንት በፊት፣ ለሁለተኛ ጊዜ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ የባሪያዎቹ ጉዳይ በሆነ መንገድ የጦርነቱ ምክንያት መሆኑን ሁሉም ያውቅ እንደነበር ተናግረው ነበር። ባርነት በመላ አገሪቱ የተሻረው በዲሴምበር 1865 በጸደቀው 13ኛው ማሻሻያ ነው፤ በደላዌርና በኬንታኪ ያሉት እስከዚያ ቀን ድረስ በባርነት ቆይተዋል።

በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ ደግሞ በአሜሪካ ምድር ተወልዶ ለሕጓ የሚገዛ ሁሉ ዜጋ መሆኑን በመደንገግ የቶኒን ፍርድ ሻረ፤ ዛሬ በሲልቨር ስፕሪንግ ከኢትዮጵያውያን ስደተኞች የሚወለድ ልጅ ዜግነቱን የሚያገኘው በዚሁ አንቀጽ ነው። ድሬድ ስኮት ከፍርዱ በኋላ የባለቤትነት መብቱ የተላለፈላቸው ሰዎች ነፃ ቢያወጡትም፣ ነፃነቱን የኖረው አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ነበር፤ በ1858 በሴንት ሉዊስ ሞተ።